ከልስኑ ጀርባ ያለው አማና



ቤት የሚያሠራ፣ ቤት የሚያድስ ወይም አንዲት የብረት በር የሚያስበይድ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። ሦስት ባለሙያ ይጠራል፤ ሦስት ዋጋ ይሰማል። የአንዱ ዝቅ ያለ ነው፣ የሁለተኛው መካከለኛ ነው፣ የሦስተኛው አይቀመስም። ያን ጊዜ ቤተሰብ ይመካከራል፣ ጎረቤት አስተያየት ይሰጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ዝቅ ያለው ይመረጣል። «ብሬን ለምን በከንቱ አፈሳለሁ?» የሚለው ቃል ክርክሩን ይዘጋዋል። ጉዳዩ የኪስ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ስለሚወሰድ ከዒሻ በኋላ በሚሰጥ ደርስ ላይ ሲነሳ አልሰማሁም። ስለ ወለድ፣ ስለ ዘካ፣ ስለ ሚዛን ብዙ ይባላል፤ ስለ ግንበኛና ስለ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አቀጣጠር ግን ዝም ነው። ለመሆኑ ይህ ጉዳይ ከዲን ውጭ ነው? እኔ አይደለም ከሚሉት ወገን ነኝ።

በደሴና በኮምቦልቻ ይህ ጥያቄ በተለይ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የብዙ ቤት ጥያቄ ሆኗል። እንደሚታወቀው በዚያ ዓመት ከጥቅምት 20 ግድም ጀምሮ ሁለቱ ከተሞች በህወሓት ኃይሎች እጅ ወድቀው እስከ ኅዳር 27 ቀን ቆይተዋል። ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ የተሰበረ በር፣ የተነቀለ ቆጣሪ፣ የተዘረፈ ሱቅ ነው የጠበቀው። በያጅ፣ አናጢ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በየቤቱ ተፈለገ። ትላንት የበያጅ ረዳት የነበረ ወጣት ማሽን ተውሶ ዛሬ ራሱን የቻለ ባለሙያ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብረቱም፣ ገመዱም፣ ብሬከሩም ከውጭ የሚመጣ ወይም ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ነውና ዋጋው ተከትሎ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ባለቤቱ ከብረት ነጋዴው ጋር ቢከራከር የሚያገኘው ቅናሽ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሲሚንቶው ዋጋው የታወቀ ነው። የሚደራደርበት አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል፤ እሱም የእጅ ዋጋ ነው። ስለዚህ የዶላሩም፣ የጦርነቱም፣ የኑሮ ውድነቱም ጫና በመጨረሻ የሚያርፈው በግንበኛው መዳፍ ላይ ነው። ግንበኛውም ሰው ነውና ልጆች አሉት፤ ከመዳፉ የተቆረጠውን ከሆነ ቦታ መመለሱ አይቀርም። ከየት ይመልሰዋል? ከማናየው ቦታ ነዋ!

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ የሰፋውን ገልብጠን ስፌቱን ማየት እንችላለን። የጫማ ሠሪውን ሥራ በእጃችን አጥፈን እንፈትሻለን። የግንበኛው ሥራ ግን በአርማታና በልስን ይሸፈናል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሥራ ከግድግዳ ውስጥ ይገባል፤ የቧንቧ ሠራተኛው ሥራ በሴራሚክ ስር ይቀበራል። ባለቤቱ ገንዘቡን ቆጥሮ ሲሰጥ የሚያየው ቀለሙን ነው። ዋጋው በወረቀት ላይ ሰፍሮ ይታያል፤ ጥራቱ ከልስኑ ጀርባ ነው። የሚታየውንና የማይታየውን በአንድ ሚዛን ላይ ስናስቀምጥ ሁልጊዜ የሚታየው ይመዝናል።

እስቲ አንድ ኮለን እንውሰድ። ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ የቆሙትን ብረቶች አቅፈው የሚይዙት ስታፋዎች በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ቢታሰሩ 20 ያህል ይሆናሉ። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ቢታሰሩ 10 ናቸው። የብረቱም፣ የማጠፊያውም፣ የማሰሪያውም ድካም በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። አርማታው ከተሞላ በኋላ በ15ቱና በ30ው መካከል ያለውን ልዩነት ካሰረው ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። አርማታው ከተሞላ በኋላም ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ይህ ማለት በጄሪካን ገዝቶ ወይም ተሸክሞ ማጠጣት ነው፤ ከደሴ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀቱ አርማታውን ቶሎ ስለሚያደርቀው ድካሙ ይብሳል። በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለና ዋጋው የተቀነሰበት ሰው በሦስተኛው ቀን ማጠጣቱን ቢተው ማን ያየዋል? ወይም የእንጀራ ምጣዱን መስመር እንይ። ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይስባል፤ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። በመብራት ገመድ ከተሳበ ግን ምጣዱ ያው ይሰማል፣ እንጀራውም ያው ይበስላል፤ ገመዱ ከግድግዳው ውስጥ እየሞቀ፣ ሽፋኑ እየለሰለሰ ዓመት ሁለት ዓመት ይቆያል። እሳቱ ሲነሳ «ኮንታክት ነው» ይባላል። የባለሙያው ስም አይነሳም፤ ዋጋውን ያስቀነሰው ሰው ስም ጭራሽ አይነሳም።

ከጦሳ ተራራ ስር ያለችው ደሴ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ከተማዋ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች በመሆኗ በብዙ ሰፈር የአንዱ ግቢ ከሌላው ጣሪያ በላይ ነው። በበልግም በክረምትም ዝናብ ታገኛለች፤ መሬቷም የመንሸራተት ጠባይ እንዳለው ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። የድጋፍ ግንብ የሚያሠራ ሰው ውሃው ከጀርባ እንዳይጠራቀም ማስተንፈሻ ቱቦዎች ያስፈልጉታል፤ ከግንቡ ኋላም ጠጠር መሞላት አለበት። ቱቦው ርካሽ ነው፤ ጠጠሩ ግን ተገዝቶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ በሰው ትከሻ ተግዞ የሚሞላ ነው። ርካሹ ሠራተኛ ይህን ይዘለዋል። ግንቡ በጋውን ያምራል። ክረምት ሲመጣ ውሃው ከጀርባው ይከብዳል፤ ሲወድቅ የሚወድቀውም ባሠራው ሰው ላይ ሳይሆን ከስር ባለው ጎረቤት ላይ ነው። ታዲያ ዋጋውን የተዋዋሉት ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ዕዳውን የሚከፍለው ሦስተኛው ከሆነ፣ «ገንዘቤ ነው፣ እንደፈለግሁ አደርጋለሁ» የሚለው ክርክር በየትኛው ሸሪዓ ይቆማል? ሌላውን መጉዳት እንደማይፈቀድ የሚደነግገው የፊቅህ መርህ እኮ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው የተቀመጠው።

ይህን የማነሳው አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ካራቆሬንና አጠገቧ ያለችውን ማጀቴን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፤ አካባቢያችን በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ላይ ነውና ነገሩ የተረት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ሙስሊም ወንድሞቻችን በሚበዙባት ቱርክ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል፤ በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ነው ያለቀው። መንቀጥቀጡ የአላህ ቀደር ነው። ነገር ግን በአንድ ጎዳና ላይ አንዱ ሕንፃ ቆሞ አጠገቡ ያለው እንደ ብስኩት ሲደቅ፣ የአገሩ መንግሥት ብዙ ተቋራጮችን ይዞ መጠየቁ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው አገር ከደንብ ውጭ የተሠሩ ሕንፃዎች በክፍያ ምሕረት እንዲያገኙ የሚያደርግ ሕግ በ2010 ዓ.ም. ወጥቶ እንደነበርም ያስታውሷል። ቀደርን አምኖ ስታፋ መቁጠር እርስ በርሱ አይጣላም።

አሁን ወደ ቁርኣን እንመለስ። በሱረቱል ቀሰስ ውስጥ የመድየኗ ልጅ አባቷ ሙሳን (ዐ.ሰ) እንዲቀጥረው ስትመክር ሁለት መመዘኛ ነው ያቀረበችው፤ ጥንካሬና ታማኝነት። ዑለማዎች ጥንካሬውን ለሥራው ብቁ መሆን ብለው ይረዱታል። ዋጋ ከሁለቱ አንዱ አይደለም። ዋጋው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አባትየው ስምንት ዓመት ብሎ አሥር ቢሞላው ከራሱ በጎ ፈቃድ እንደሆነ ነግሮት ሁለቱም በግልጽ ተስማሙ። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። መጀመሪያ ሰውየው፣ ቀጥሎ ዋጋው። እኛ ግን ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን፣ ዝቅተኛውን መርጠን፣ ከዚያ በኋላ ነው «ለመሆኑ ልጁ እንዴት ነው?» ብለን የምንጠይቀው። ነቢያት ራሳቸው ባለእጅ ነበሩ፤ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ እንደነበሩ በሐዲስ ተዘግቧል፤ ዳውድ (ዐ.ሰ) ጥሩር ሲሠሩ የቀለበቶቹን መያያዣ እንዲመጥኑ ከአላህ (ሱ.ወ) የታዘዙበት አንቀጽ በሱረቱ ሰበእ ውስጥ አለ። ጌታ ለነቢዩ ስለ አንድ ቀለበት ልክ ሲነግር የእጅ ሥራ ጥራት ተራ ነገር ነው የሚል ካለ እስቲ ይምጣ።

የእህል ነጋዴው ታሪክም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከክምሩ ውስጥ እጃቸውን ቢከቱ ጣታቸው ረጠበ፤ ዝናብ መትቶት ነው ሲላቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይ ከእሳቸው እንዳልሆነም አሳወቁ። ልስን ማለት የዚያ ክምር ላዩ ነው።

ይህ ሁሉ ባለሙያው ላይ የሚነጣጠር ይመስላል። ለማለት የፈለግሁት ግን ስለ እኛ፣ ስለ ቀጣሪዎቹ ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው በርበሬና ቡና የሚያጎድለውን ነጋዴ ነው። አንቀጾቹ ግን ስለ ማጉደል ብቻ አይናገሩም፤ ሲቀበሉ ሙሉ የሚፈልጉ፣ ሲሰጡ የሚያጎድሉ ሰዎችን ነው የሚወቅሱት። የሙሉ ሥራ ጥራት እየጠየቀ የግማሽ ሥራ ዋጋ የሚሰጥ ሰው በየትኛው ወገን ነው ያለው? ሥራው በዚያ ዋጋ በታማኝነት እንደማይወጣ ልቡ እያወቀ «አንተ ብቻ ጨርስልኝ፣ እንዴት እንደምታደርገው አንተ ታውቃለህ» የሚል ሰው፣ ማጉደሉን ራሱ ገዝቶታል። ባለሙያው ቢያጎድል ኃጢአቱ አይቀርለትም፤ ያስጎደለው ግን ነፃ አይወጣም።

ከዚህ ተቃራኒ የቆመ አንድ ታሪክ በሐዲስ መጻሕፍት አለ። ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) የተባሉት ሰሓባ ፈረስ በ300 ዲርሃም ሊገዙ ነበር። ፈረሱን ሲያዩት ዋጋው ከዚያ እንደሚበልጥ ለባለቤቱ ነገሩት፤ እየጨመሩም 800 አደረሱት። ሲጠየቁ፣ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ሊመክሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል እንደገቡ ተናገሩ። ከእኛ ይህን ያህል ማንም አይጠብቅም። መከራከር ሐላል ነው፤ በሰኞ ገበያ ያልተከራከረ ሰው የደሴ ሰው አይባልም። ድርድሩ ግን የትርፍ ድርድር እንጂ የስታፋ ድርድር አይሁን ነው የምለው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የወሎ ቤቶች ብዙዎቹ በማን ገንዘብ እንደሚሠሩ እናውቃለን። በጂዳ፣ በሪያድ፣ በኩዌት፣ በቤይሩት በሰው ቤት ወጥ የምትሠራ፣ ልጅ የምታሳድግ፣ መስኮት የምትወለውል እህታችን ናት ቤቱን የምታሠራው። እሷ እዚያ ናት፤ ገንዘቡ እዚህ ነው። ከእሷና ከግድግዳው መካከል ወንድም አለ፣ ወይም አጎት አለ። ለእሷ ሥራው ሁለት ጊዜ ተሸፍኗል፤ አንድ ጊዜ በልስኑ፣ አንድ ጊዜ በባሕሩ። የምታየው በስልክ የሚላክላትን ፎቶ ነው፤ ፎቶ ደግሞ ቀለም እንጂ ብረት አያሳይም።

በኮምቦልቻ የማውቀው አንድ ቤተሰብ አለ። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሠርታ በላከችው ገንዘብ ታላቅ ወንድሟ ቤት አሠራ። ሰውየው ሌባ አይደለም፤ ይህን በሚገባ አውቃለሁ። የእህቱን ገንዘብ የቆጠበ መስሎት ከየቦታው ዝቅተኛውን መረጠ፤ ግንበኛውን ከአንዱ፣ ጣሪያ ሠሪውን ከሌላው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ደግሞ ሰፈር ውስጥ ካገኘው ልጅ። የብረቱን ግዢ ለግንበኛው ተወለት፤ ግንበኛውም ከሱቁ የራሱን ኮሚሽን ይዞ ቀጠን ያለውን አመጣ። እሷ ስትመለስ ሶሌታው ያፈሳል፣ የሳሎኑ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ ሰያፍ ተሰንጥቋል። ወንድምዬው ደረሰኞቹን አውጥቶ አሳያት። «እኔ ሳንቲም አልነካሁም» አላት። እሷም፣ «ወንድምጋሼ፣ ብትነካው ይሻለኝ ነበር፤ የቀረው በደንብ ይሠራልኝ ነበር» አለችው። ይህን ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። በፊቅህ ቋንቋ ወንድምዬው ወኪል ነው፤ ወኪል የሚጠየቀው ገንዘቡን አለመብላቱን ብቻ ሳይሆን ባለገንዘቡ ብትሆን ኖሮ የምታደርገውን ማድረጉን ጭምር ነው። እሷ ብትሆን ኖሮ ቆማ ታሠራ ነበር።

ስለ ኮሚሽኑም ጥቂት ልበል። ባለሙያው ዕቃ ሲያስመርጥ ከሱቁ የሚቀበለው ገንዘብ የተለመደ ከመሆኑ የተነሳ ነውርነቱ ተረስቷል። ባለቤቱ ዕውቀቱን አምኖ ይዞት ሄዶ ሳለ በስውር ከሻጩ የሚከፈለው አማካሪ የማን አማካሪ ነው? ይህን ግን የእጅ ዋጋው አላኖር ያለው ሰው የጀመረው መሆኑንም መርሳት አይገባም። ፊት ለፊት የነፈግነውን ከኋላ በር ወሰደው።

«ታዲያ ውዱን እንቅጠር ነው የምትለው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ውድነት የጥራት ምስክር አይደለም። መኪና ሲያይ፣ ከዐረብ አገር የመጣች ሲያይ፣ አነጋገሩ የአዲስ አበባ ሲመስለው ዋጋ የሚሰቅል ባለሙያ ደሴም ኮምቦልቻም ሞልቷል። የሙያ ብቃት ምዘና ወረቀትም ጥሩ ምልክት ነው፤ ታማኝነትን ግን አይመዝንም። ከመድየኗ ልጅ ሁለት መመዘኛዎች ወረቀቱ አንዱን ብቻ ነው የሚነካው። ሁለተኛውን የሚነግሩን ከሦስት ዓመት በፊት ያሠሩ ሰዎች ናቸው። ትላንት ያሠራውን አትጠይቁ፤ ትላንት ሁሉም ቤት ያምራል። ሦስት ክረምት ያለፈበትን ቤት ሄዳችሁ እዩ፣ ባለቤቱንም የት ቦታ እንዳፈሰሰ ጠይቁት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የድሃው ጥያቄ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ በርበሬና ሽሮ እየሸጠች አራት ልጅ የምታሳድግ አንዲት እናት ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ለመሥራት ዓመታት ዕቁብ ጥላ ገንዘብ አጠራቀመች። ያነጋገረችው ሽማግሌ ግንበኛ ሒሳቡን ሠርቶ ሲያበቃ፣ «እትዬ፣ ይህ ገንዘብ ለሁለት ክፍል አይበቃም። ለአንድ ይበቃል። ሁለት እሠራልሻለሁ የሚልሽ ካለ ከመሠረቱ እየሰረቀሽ ነው» አላት። ሁለት እሠራለሁ የሚላት ግን ነበር፤ በዚያው ገንዘብ። ብዙ አሰበች። በመጨረሻ አንዱን በደንብ አሠራች፤ ለሁለተኛው መሠረቱን አስቀርታ ብረቱን ጠቅልላ ተወችው። ደስተኛ አይደለችም፤ የአንድ ክፍል ኪራይ ወር በወር እየቀረባት ነው፤ «በጥራት አይበላም» ብላ ስትናገር ሰምቻታለሁ። እውነቷን ነው። ድህነት ጥራትን የማይችለው ቅንጦት ያስመስለዋል። ነገር ግን በዚያ ገንዘብ ሁለት ክፍል አልነበረም፤ የነበረው አንድ ክፍል ወይም ሁለት የክፍል ምስል ነው። በጀት ሲያንስ የሚቀነሰው የሥራው መጠን እንጂ ከልስኑ ጀርባ ያለው ነገር መሆን የለበትም የምለው ለዚህ ነው። ሴራሚኩ ይቅር፣ ጂፕሰሙ ይቅር፣ ቀለሙ ለከርሞ ይሁን፤ እነዚህ ሁሉ የሚታዩና ነገ የሚጨመሩ ናቸው። ስታፋው ነገ አይጨመርም።

የአገራችን ሕግም ቢሆን ይህን ልዩነት ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ላይ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ስለ አሠራሩ መልካምነትና ስለ ጥንካሬው ዋስ እንደሚሆን ደንግጓል። ጉድለቱ ከመሬቱ ጠባይ የመጣ እንኳ ቢሆን ኃላፊነቱን አያወርድለትም፤ ይህን የሚያስቀር ውልም ዋጋ የለውም። መሬቷ ለሚንሸራተት ከተማ እንዴት ያለ ሕግ ነው! ስንቶቻችን ነን ግን ከግንበኛ ጋር በወረቀት የምንዋዋለው? በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ ስለ መጻፍ የወረደ ሆኖ ሳለ እኛ «በመተማመን ነው» ብለን እንጀምርና በመካሰስ እንጨርሳለን። ከዐሊይ (ረ.ዐ) እንደተዘገበው የሰው ዕቃ ተረክበው የሚሠሩ ባለእጆች ላበላሹት ተጠያቂ እንዲሆኑ ያደርጉ ነበር። ፉቀሃዎች በዝርዝሩ ተለያይተዋል፤ ጉዳዩ ግን በመተማመን ብቻ የተተወ እንዳልነበር ከዚህ ይታያል።

መጠየቅ እንዳለ ሁሉ መክፈልም አለ። በከተማችን ጥሩ ባለሙያ እየተመናመነ የሄደበትን ምክንያት ለማወቅ የቅዳሜ ማታ ሒሳብ አከፋፈላችንን ማየት ይበቃል። ሥራው አልቆ የመጨረሻው ክፍያ «ነገ ና» እየተባለ ወር የሚያልፈው በርካታ ነው። ሠራተኛ አሠርቶ ደሞዙን የከለከለ ሰው በቂያማ ቀን ባላጋራው አላህ ራሱ እንደሚሆን በሐዲስ ተነግሯል። ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚለውን ትእዛዝም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ጉድለት ቢገኝ እንዲስተካከል ከዋጋው ጥቂት ማስያዣ ማቆየት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን መጠኑና ቀኑ አስቀድሞ የተነገረ ሲሆን ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚፈጠር ማስያዣ ዙልም ነው። ባለእጅን መናቅ ደግሞ የቆየ በሽታችን ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ስድቡ በዝቶ ነው። መሬት በተነፈገበት የአገራችን ክፍል በሽመናና በንግድ ራሱን ያኖረው ሙስሊም ይህን ንቀት በራሱ ላይ ቀምሶታል፤ እሱ መልሶ ባለእጁን ሲንቅ ማየት ያሳፍራል።

በቅርቡ በደሴ አንድ የመስጊድ ኮሚቴ ለሚሠራው የዉዱእ ቦታና ሚናራ ዋጋ ሲከፍት እኔም ተጋብዤ ነበር። ሦስት ፖስታ ተከፈተ። የአንደኛው ከሌሎቹ በእጅጉ ዝቅ ያለ ነበር። አንዱ አባል፣ «የወቅፍ ገንዘብ ነው፣ መቆጠብ አለብን፤ አላህ ይጠይቀናል» አለ። ንግግሩ ትክክል ነው፤ ግን አላህ የሚጠይቀው ስለ ብሩ ብቻ አይደለም፣ ከሚናራው ስር ዉዱእ ስለሚያደርጉት ልጆችም ነው። ከአባላቱ አንዱ የሆኑት ሽማግሌ ሼህ ወረቀቱን አገላብጠው፣ «ይህ ሰው ቀሪውን ከየት አመጣው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። ሰውየው ተጠርቶ መጥቶ በዝርዝር እንዲያስረዳ ተወሰነ።

በማግስቱ ከዐስር በኋላ መጣ። አርባዎቹን የያዘ፣ እጁ የተሰነጣጠቀ ሰው ነው። ደብተሩን አውጥቶ አንድ በአንድ አነበበ። ሼኩ፣ «የሚናራው ስታፋ በስንት ነው?» አሉት። «በ30» አለ ሳያፍር። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ ባለፈው የሠራሁላችሁን አጥር ዋጋው ከፍተኛ ነው ብላችሁ ሦስት ጊዜ አስቀነሳችሁኝ። ይህንን ከመጀመሪያው ቀንሼ መጣሁ። በ15 ይሁን ካላችሁ ዋጋው ይኸው» ብሎ ሌላ ገጽ ገለጠ። ቁጥሩ ከመካከለኛው ፖስታ ጥቂት ነበር የሚያንሰው።

ሥራው ለእሱ ተሰጠ፤ በሁለተኛው ገጽ ዋጋ፣ በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር። ገንዘቡ ለሁለቱም ስላልበቃ የዉዱእ ቦታው ተጀምሯል፤ ሚናራው ለጊዜው ቆሟል። አርማታ በሚሞላ ቀን ከኮሚቴው አንድ ሰው ሜትር ይዞ ይገኛል፤ ባለፈው ሐሙስ ተራው የእኚያ ሼህ ነበር።